ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጠን

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጅማ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። የ4 ዓመት ወንድና የ2 ዓመት ሴት ልጆቼ «ስልክሽን ስጪን» እያሉ ያለቅሳሉ። መጫወቻ ለመግዛት አቅም የለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስልኩን ደብቂው እንጂ ከነሱ ጋር አትሟገቺ፤ እኔ ተሟግቼ አሸንፌ አላውቅም።

ሊጥ ስጫቸው። በቡና ስኒ 4 የፉርኖ ዱቄት፣ 2 ጨው፣ 1 ማንኪያ ዘይት፤ ለብ ያለ ውሃ ጠብ እያደረግሽ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው እሺው። እርድ ቢጫ ያደርገዋል፣ የቀይ ሥር ውሃ ሮዝ። ማሸቱን ለትልቁ ተዪለት፤ ግማሹ ጨዋታ እሱ ነው። የእኔ ትንሹ የጅማ በርጩማ ሠርቶ፣ ከሦስቱ እግር አንዱ ሲወድቅበት «ይሄኛው ደክሞት ተኝቷል» ብሎኛል።

ጨው ስለበዛበት ትንሿ እንዳትበላው አጠገቧ ቁጭ በይ። ትልቁ ልጅሽ ከሊጥ ለሠራው አሻንጉሊት ዓይን እንዲሆን ጥሬ ቡና ይሰካ ይሆናል፤ እሷ ዘንድ ግን አይድረስ፣ ጉሮሮዋ ላይ ይሰነቀራል።

ሲጨርሱ በፌስታል ቋጥረሽ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው። ጨው እርጥበት ስለሚስብ በማግሥቱ ከላላ፣ ትንሽ ዱቄት ነስንሰሽ መልሰሽ እሺው።