ባንክ ልግባ ወይስ ነጻ የሕግ ድጋፍ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሕግ ከተመረቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ተማሪ እያለሁ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አገለግል ነበር። እውነት ለመናገር ከአምስቱ ዓመት ትምህርት ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። አባቴ ግን "ባንክ ነገረ ፈጅ ሁኚ፣ የድሃ ክስ ድሃ ያደርጋል" ይለኛል። የዘጌ ቡና እየቸረቸረ ነው ያስተማረኝ፣ ልቃወመው አንጀቴ አይችልም። ምን ይመክሩኛል? ከየትስ ልጀምር?
ግራ የገባት፣ ከአባይ ማዶ

መልስ፦ አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ጨርሶ አልተሳሳቱም። በነጻ ሥራ የቤት ኪራይ አይከፈልም። ደመወዝ ከፍሎ የሚቀጥርሽ ድርጅትም እንደ ልብ አይገኝም፣ ለዚህም ምክንያት አለው። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ከለከለና ስንቱ ሥራውን አጠፈ። በ2011 በአዋጅ 1113 ተሻረ፤ የተበተነ ባለሙያ ግን በአንድ ጀምበር አይሰበሰብም።

ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ሥራው ራሱ እናውራ። ብዙ ተመራቂ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማለት ችሎት ቆሞ ማስጨብጨብ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

ወጣት ሳለሁ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል የተባረረች አስተናጋጅ መጣችብኝ። የሥራ ውሏንና የደመወዝ ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር፤ ቋጠሮውን ስትፈታ ጊዜ ወሰደባት። አንድም ወረቀት አልጎደለም። ከተባረረች ሁለት ወር ከሦስት ሳምንት ሆኗታል። እኔ ግን ቀኑን አልጠየቅኋትም። ከሕገ መንግሥቱ ጀምሬ አራት ገጽ ክስ ጻፍኩላት፣ አንዱን አንቀጽ ሦስቴ እየሰረዝኩ፣ ቃል እየመረጥኩ፣ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል። የአሠሪው ጠበቃ አጭር መቃወሚያ አቀረበ፣ ፍርድ ቤቱም ተቀበለው፣ አለቀ። የገንዘብ ጥያቄዋ የስድስት ወር ጊዜ ስላለው እሱ ተረፈላት። ሥራዋ ቀረ። ከችሎት ስንወጣ "ወረቀቱ ግን ያምር ነበር" አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። እስካሁን ያመኛል።

እና ሰው ፊትሽ ሲቀመጥ ቀን ጠይቂ። መቼ ተባረርሽ? መቼ ፈረምሽ? መጥሪያው መቼ ደረሰሽ? ገበሬው "ጤፍ ሲታጨድ ነው" ወይም "የፍልሰታ ሰሞን" ይልሻል፤ ያንን ወደ ቀን መመንዘር ያንቺ ፋንታ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ያለው ራፖር ጸሐፊም እኮ አቤቱታ ይጽፋል፣ አንዳንዱ ከእኔም ከአንቺም አሳምሮ። ቀን ግን የሚቆጥርለት ሰው ነው ባለጉዳዩ ያጣው።

በብዛት የምትፈለጊው ደግሞ ፍትሐ ብሔር ላይ ነው። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ማቆም ካልቻለና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቆምለታል፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20(5) መቼም ሸምድደሽዋል። ለልጆቿ ቀለብ ወይም በመሬት ይዞታ የምትከራከር ሴትስ? በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ "በደሃ ደንብ" መክሰስ ትችላለች። እሱም የዳኝነት ክፍያውን ነው የሚያስቀርላት፣ ጠበቃ አይሰጣትም።

ባንኩንስ ላልሽኝ፣ ለአንቺ አልመርጠውም። ነገረ ፈጅ ሆነሽ ቀኑን ሙሉ ብድር ያልመለሰ ሰው ስትከሺ ነው የምትውዪው፤ ማታ ደክሞሽ ማንን ትረጃለሽ? እኔ ብሆን አንድ ነባር ጠበቃ ቢሮ በረዳትነት እገባ ነበር። ክፍያው ከባንክ ቢያንስም መዝገብ ቤቱን፣ ቀጠሮውን፣ የዳኛውን ፊት ትለምጃለሽ።

አንድ ዘዴ ልንገርሽ። በ1992 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ብዙ ጠበቃ እንዲህ ያለውን ሰዓት እንደ ዕዳ ነው የሚያየው። "የነጻውን መዝገብ እኔ ላዘጋጀው" በይው፤ እምቢ የሚል እስካሁን አላጋጠመኝም። በሳምንት ግማሽ ቀን ደግሞ ወደ ማዕከሉ ተመለሺ፣ ወይም የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ጎራ ብለሽ በበጎ ፈቃድ ማገልገል እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው።

አባትሽን በክርክር አታሸንፊያቸውም፣ አትሞክሪውም። ከቡና ደንበኞቻቸው መካከል የቀለብ ወይም የመሬት ነገር የያዛት አትጠፋም። አንድ ቅዳሜ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ወረቀቷን አንብቢላት፣ ቀኗንም ቁጠሪላት። እሳቸው እያዩ።