ትንሿ ታፔላ ታፔላ እንድትመስል

«ባለ 1፡32 የመጫወቻ መኪና ውድድር ትራኬ ዳር የማቆማቸው ማስታወቂያዎች የተቆረጠ ወረቀት እንጂ ታፔላ አይመስሉም፤ ምን ላድርግ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ አብሽር፣ ይስተካከላል። እኔም እዚህ ደሴ ሆኜ ስንት ወረቀት ጨርሻለሁ።

መጀመሪያ ልኬቱን ያዝ። 1፡32 ማለት ሁሉም ነገር 32 ጊዜ አንሶ ይሠራል ማለት ነው፤ አንድ ሜትር 31 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 3 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ታፔላ 94 በ31 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዓይን ገምተህ ከሠራኸው ይገዝፍብሃል፣ መኪናህም ከጎኑ ያንሳል።

ዋናው ጣጣ ግን ፊደሉ ነው። የኛ ሰው ታፔላ ላይ ስሙን፣ ስልኩን፣ የሚሸጠውን ዕቃ ሁሉ ይጽፋል። 4 ሳንቲ ሜትር የነበረ ፊደል ሲያንስ 1 ሚሊ ሜትር ከሩብ ብቻ ይቀረዋል። እዚያ ላይ «ሱ» እና «ሲ» አይለዩም፤ የምትለያቸው ቅጥያ ትጠፋለች። ስለዚህ ስሙን ብቻ አስቀር፣ በወፍራም ፊደል ጻፈው፣ ከ5 ሚሊ ሜትር አታሳንሰው። እኔ እዚህ ደሴ የሸዋ በር ሰፈር ሱቆችን ታፔላ ባለቤቶቹን አስፈቅጄ በስልኬ አነሳለሁ። ጉም ያለበት ቀን ይመረጣል፣ ጥላ አይጥልም። ፊት ለፊት ቁም፤ ከጎን ካነሳኸው ይንጋደዳል።

ኅትመቱን በሌዘር ፕሪንተር አሠራ። የመጀመሪያዎቹን በውሃ ቀለም ፕሪንተር አሳትሜ በኮላ ስለጥፋቸው ቀዩ ነጩ ላይ ፈሰሰ። የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር፣ በጣም አዘንኩ። የሌዘር ቀለም ዱቄት ነው፤ በሙቀት ቀልጦ ስለሚጣበቅ ውሃ አያስለቅቀውም። አሁን ኮላም ትቻለሁ፣ ስቲከር ወረቀት ላይ ነው የማሳትመው። የማያብለጨልጨውን ምረጥ። የሚያብለጨልጨው የአምፖሉን መብራት መልሶ ዓይን ውስጥ ይከታል።

ካርቶን ላይ አትለጥፍ። 1 ሚሊ ሜትር ካርቶን በዚህ ልኬት ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ ጣውላ ይመስላል። የለስላሳ ጣሳ ቆርጠህ ዘርጋው፤ ስሱ ስለሆነ ቁርጥ ላሜራ ነው። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። የስቲከሩን ነጭ ጠርዝ በግራጫ ማርከር አንዴ ሳብ አድርገው፤ ይቺን ሳላደርግ የቀረሁበት ሁሉ ያስታውቃል። እግሩ ስቲኪኒ ነው። 2 ሚሊ ሜትሩ የ6 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ይሆንልሃል።

ትራኬን የሠራሁት ደሴ አጠገብ ያለውን የሃረጎን ጠመዝማዛ መንገድ አስቤ ነው። መኪናው ሁሌ ወደ ኩርባው ውጭ ስለሚወረወር እዚያ በሱፐር ግሉ የተከልኳቸው ተሰባበሩ። አሁን እግራቸውን ፎም ላይ ብቻ እሰካለሁ። ሲመታ ይነቀላል፣ አንስቼ እመልሰዋለሁ።