ወንድምዎን የት ያሳክሙ? በመሥራቹ ሐኪም ስለሚመራ የሱስ ማገገሚያ

ውድ እህታችን፣ ወንድምዎን ከአረቄ ሱስ ለማላቀቅ ትልቅ ሆስፒታል ይሻላል ወይስ አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም በከተማችሁ ከፍቶ ራሱ የሚመራው ማዕከል ብለው ጠይቀዋል። እኛ ታላቅ ወንድማችንን አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ባለ ማዕከል አሳክመናል፤ ያየሁትን እነግርዎታለሁ።

በቅድሚያ አደራ የምለው፣ መጠጡን ቤት ውስጥ በድንገት እንዳታስቆሙት ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ሲያቋርጥ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ ቀጥሎም ሊቃዥ ይችላል፤ ይህም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ማዕከሉ ሌሊት ነርስ ከሌለው፣ ወይም መንዘፍዘፉን የሚከላከለውን ዲያዜፓም የተባለ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 የማይሰጥ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በሆስፒታል ያሳልፍ።

ከዚያ በኋላ ላለው ረጅም ጊዜ ግን ምርጫዬ መሥራቹ በቅርብ የሚመራው ማዕከል ነው። ወንድማችንን በመጀመሪያው ቀን የተቀበለው ሐኪም ከወራት በኋላም ክትትሉን ያደረገለት ራሱ ስለነበር፣ የሚያሳፍረውን ታሪክ ለአዲስ ሰው እንደገና መናገር አላስፈለገውም። ጸበል መጠመቅ ሲፈልግም ሐኪሙ ሳይከለክለው፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ከጸበሉ ጋር አስማማለት። ከሁሉ የጠቀመን ግን አካባቢውን ማወቁ ነው፦ በዐቢይ ጾም ታቅቦ የከረመ ሰው በፋሲካ ሊያገረሽበት እንደሚችል ስለሚያውቅ፣ በሆሣዕና ሳምንት ቤተሰቡን ጠርቶ በዓሉን ያለ ጠላና አረቄ እንዴት እንደምናሳልፍ፣ ጽዋ ለሚያቀርብለት ዘመድም ምን እንደምንል በዝርዝር አስረዳን።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በሕንድ ቼናይ ባለቤታቸውን በመጠጥ ሱስ ያጡት ሻንቲ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1980 የመሠረቱት ማዕከል፣ ከሕመምተኛው ጋር ቤተሰቡንም ያስተምራል፤ ወደ ገጠር ወርዶም ሰዎችን በመንደራቸው ያክማል። መከራውን በቤቱ ያየ መሥራች፣ የሚስትና የልጆች ጉዳት ከሕክምናው ውጭ እንዳይቀር ያደርጋል ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ያሰጋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሲታመም ወይም ሲጓዝ ማን እንደሚተካው፣ ወንድምዎ ከማዕከሉ ከወጣ በኋላ ክትትሉ ስንት ወር እንደሚዘልቅ፣ የሥራ ፈቃዱም የታደሰ መሆኑን ይጠይቁ። ቤተሰብ እንዳይጠይቀው የሚከለክል ወይም ሕመምተኛ የሚያስር ቦታ ከሆነ ግን፣ መሥራቹ የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን ወንድምዎን አያስገቡት።