አባባ ለአራተኛ ጊዜ ሊሰናበቱን ነው

እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎት ነገር የሚያስቅ ይመስላል። እኛ ቤት ግን የሚስቅ ሰው የለም።

አባቴ 84 ዓመታቸው ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ ተሰናብተውናል። "ደረቴን አፈነኝ፣ በቃ፣ ልጆቼን ጥሩልኝ" ይላሉ። የነፍስ አባታቸው ይመጣሉ፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ አድራለሁ። ወንድሜ ከዋሽንግተን ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቷል። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ለእያንዳንዳችን የመጨረሻ ቃል ይሰጣሉ። በማግስቱ ተነስተው "ፍትፍት የለም እንዴ?" ይላሉ።

በመጀመሪያው ስንብት ቤቱን ለእኔ ሰጡኝ። በሁለተኛው ለወንድሜ። በሦስተኛው ለታናሽ እህቴ፣ ያውም በስልክ። ያን ቀን ለእኔ የደረሰኝ ቃል "ቡናሽ ሰሞኑን ቀጥኗል" የሚል ነው። ይባስ ብሎ ወሬው ቀድሞ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በራችን ድረስ መጣ። አባባ ከአልጋቸው ሆነው "ገና ነኝ፣ ግባና ቡና ጠጣ" አሉት።

አሁን ደግሞ "ዘንድሮን አልሻገርም" ጀምረዋል። ወንድሜ "ሲሞቱ ደውሉልኝ" ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ልጥራው ወይስ ልተወው? ቤቱስ የማን ነው?

ቡናዋ የቀጠነባት፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣ ይቅር በይኝ፣ ጥሩምባ ነፊው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ ቄስ አለ፣ ዘመድ አለ፣ ጥሩምባ ነፊ አለ። ሐኪም የለም። ደረቱን የሚያፍነው የ84 ዓመት ሰው መጀመሪያ ለሐኪም ይታይ። ነገ ውሰጃቸው።

ቤቱ የአባትሽ ነው። አልጋ ላይ ሆኖ የተነገረ ቃል የማንም አያደርገውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን ያውቃል። አንቀጽ 892 ሞቱ የተቃረበ የመሰለው ሰው ፈቃዱን ለሁለት ምስክሮች መናገር ይችላል ይላል። ግን በዚህ መንገድ የሚናዘዘው ስለ ቀብሩ፣ ስለ ትንንሽ ልጆቹ ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። 500 ብር ዛሬ ደህና ዶሮ አይገዛም! ሌላም አለ። ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ የቃል ኑዛዜው ይፈርሳል፣ አንቀጽ 902 ነው። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ አባትሽን የት እንዳገኟቸው እንጃ።

ስለዚህ አባባ ደህና በዋሉበት ቀን ኑዛዜው ይጻፍ፣ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ፣ ይፈረም። ወይም ውልና ማስረጃ ይሂዱ። ነገሩን ግን አንቺ እንዳታነሺው። "ልጄ ልትቀብረኝ ቸኮለች" ይባላል። የነፍስ አባታቸው ያንሱት።

"ቡናሽ ቀጥኗል" ስለተባልሽ ደግሞ አትከፊ። ሰው ሲሞት ጥቅስ የሚናገር ይመስለናል። ሶቅራጥስ በ399 ዓመተ ዓለም መርዙን ጠጥቶ ሲያበቃ ለወዳጁ ለክሪቶን ያለው "ለአስክሊፒዮስ የአንድ ዶሮ ዕዳ አለብን፣ ክፈል፣ እንዳትረሳ" ነው። አስክሊፒዮስ የግሪኮች የፈውስ አምላክ ነው። ያ ሁሉ ፍልስፍና ዶሮ ላይ አለቀ። አሜሪካዊው ጄኔራል ጆን ሴጅዊክ በ1864 እ.ኤ.አ. ከጥይት ጎንበስ ባሉ ወታደሮቹ እየሳቀ "ከዚህ ርቀት ዝሆን እንኳ አይመቱም" አለ። ወዲያው ከዓይኑ ሥር ተመታ።

የእኔ አያትም እንደዚሁ ናት። ምርቃት እንጠብቃለን ብለን ከበናታል። ቀስ ብላ ዓይኗን ገለጠችና "ምጣዱን አሰሳችሁት?" አለች። አላሰስነውም ነበር። እስከ ዛሬ ምጣድ ሳስስ "አዎ እማማ" እላለሁ።

ወንድምሽን ጥሪው። ዳግማዊ ምኒልክ አልጋ ወራሻቸውን በ1901 ዓ.ም. አሳውጀው ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ነው፣ "ቀለዱብን" ያላቸው የለም። ግን "አባባ እየሞቱ ነው" አትበይው፣ ያን ዘፈን ጠግቦታል። "አባባ የቤቱን ነገር ሊያጽፉ ነው" በይው። ትኬቱን እንዴት በፍጥነት እንደሚያገኘው ታያለሽ።

እስኪመጣ ድረስ ያለፉትን ሦስት የስንብት ቀኖች አስታውሺ። ከእያንዳንዱ ስንብት በፊት ወንድምሽ ሳይደውል ስንት ሳምንት ከርሞ ነበር? እህትሽስ? ቁጥሩን ጻፊና ለሁለቱም ላኪላቸው፣ ምንም አትጨምሪበት።

ቡናውን ደግሞ ትንሽ ወፈር አድርጊው።