«መምህሮቼ ለምን ይለቁብኛል?»

ጥያቄ፦ ከከተማ ራቅ ያለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። በሁለት ዓመት ስድስት መምህራን ለቀዋል፤ ከቀሩትም ግማሾቹ ዝውውር ጠይቀዋል። የሥራ ፍቅር ጠፍቶ ነው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዝውውር የጠየቀ ሁሉ ሥራውን ጠልቷል ማለት አይቻልም። ጆን ማየርና ናታሊ አለን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ሰውን ሥራው ላይ የሚያቆዩትን ነገሮች በሦስት ከፍለዋል፦ ሥራውን መውደድ፣ ግዴታ መሰማትና «ብሄድ እጎዳለሁ» የሚል ስሌት። በስሌት ብቻ የቀረ መምህር ደብተር ሳያርም ዓመቱን ይገፋል። ለእኛ ከለቀቁት ይልቅ እሱ ያሳስበናል።

በሰኔ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ያኔ ሁሉም ወስኗል። በኅዳር እያንዳንዱን ለብቻው ያነጋግሩ። ምክንያቱ ደመወዝ ወይም የትዳር ጓደኛ ሌላ ወረዳ መመደብ ከሆነ ከእርስዎ አቅም በላይ ነው፤ ማመልከቻውን ግን አያዘግዩበት።

በእጅዎ ያለውም ቀላል አይደለም። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን አውጥተው ይዩት። አንደኛና ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ የተመደበላት መምህርት በመሃል አራት ክፍለ ጊዜ ስታፍ ውስጥ ተቀምጣ ትውላለች። ሰኞ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ ማክሰኞ ግን ስድስት ክፍለ ጊዜ የደረሰው ደግሞ ማክሰኞ መጨረሻ ላይ ድምፁ ይዘጋል። ይህን ማስተካከል ሰባራ ሳንቲም አይጠይቅም።

ቀጥሎ የደረጃ እድገት ፋይል ነው። ከጀማሪ ወደ መለስተኛ መምህር፣ ከዚያም ወደ ላይ ለመሸጋገር የአገልግሎት ዘመንና የሥራ አፈጻጸም ውጤት ይታያል። ውጤቱ በወቅቱ ካልተሞላና መምህሩ አይቶ ካልፈረመ እድገቱ ይጓተታል። በቢሮ ቸልተኝነት እድገቱ የዘገየበት ሰው አይረሳም፤ እውነትም አለው።

ለጀማሪዎች ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር መካሪ ይመድቡ። በዓመት 60 ሰዓት የሚፈለገው ተሙማ (ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ለፋይል ማሟያ ሞጁል መገልበጫ ሲሆን ሰው ይሰለቻል፤ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ቢያይ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከመንግሥት ወደ ግል ትምህርት ቤት ልሄድ ነው። ምን ላሟላ?

መልስ፦ መልቀቂያዎን ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ያስገቡ፤ ኮፒው ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ማርክ ሊስት፣ ሮስተር (የክፍሉ ውጤት ማጠቃለያ) እና መጻሕፍት አስረክበው ክሊራንስ ያስፈርሙ። ጠፍቶ የሄደ መምህር የሥራ ልምድ ማስረጃ ስለማይኖረው በጀማሪ ደመወዝ ሊቀጠር ይችላል። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይያዙ፤ አዲሱ ቀጣሪም ከደመወዝዎ 7 በመቶ ቆርጦ፣ ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ማድረግ አለበት። ከተቻለ የሚለቁበት ቀን ከሴሚስተሩ ፈተና እርማት በኋላ ይሁን፤ ተማሪዎቹ ውጤታቸውን ከሚያውቃቸው መምህር እጅ ይቀበላሉ።