ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ሆስፒስ ትግባ» ማለት «ትሙት» ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። የ74 ዓመት እናቴ የቆሽት ካንሰር ይዟት ጉበቷ ድረስ ተዛምቷል። ሐኪሞቹ ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) ይቁምና ሆስፒስ ትግባ አሉን። ወንድሜ «እዚህ ሰው በመድኃኒት እንዲሞት የሚፈቅድ ሕግ አለ፤ ይሄ እሱ ነው» ብሎ አልፈርምም አለ። እሷ ደግሞ ካንሰር መሆኑን አታውቅም፤ ጨጓራ ነው ብለናታል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድምዎ ሁለት ነገር ተቀላቅሎባቸዋል። ያሉት ሕግ በእርግጥ አለ፤ ዲሲ ውስጥ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል። ግን መድኃኒቱን መጠየቅ የሚችለው ታማሚው ራሱ ብቻ ነው። ከስድስት ወር በላይ አይኖርም የተባለ፣ ልቡናው ያልተዛባ ሰው ቢያንስ በ15 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ በቃሉ፣ አንዴ ደግሞ በጽሑፍ ይጠይቃል። የሚወስደውም በራሱ እጅ ነው። ልጅ ለእናቱ የሚፈርመው ነገር አይደለም።

ሆስፒስ ግን ሌላ ነው፤ በሽታውን ማዳን ሲያቅት ሕመሙን፣ ማቅለሽለሹን፣ የትንፋሽ እጥረቱን ማስታገስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነርሷ ቤት ድረስ ትመጣለች። ሐሳብ ከቀየራችሁ መውጣት ይቻላል። ሞርፊን ሲታዘዝም አትደንግጡ፤ በታዘዘው ልክ ከተሰጠ አይገድልም። የሚያስቸግረው የሆድ ድርቀቱ ነው፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብራችሁ ጠይቁ።

እኔን ያሳሰበኝ «ጨጓራው» ነው። እንዳይደነግጡ ብላችሁ ነው፤ ይገባኛል። ግን በእኛ ባህል ሰው አልጋ ላይ ሲውል ነፍስ አባቱን ያስጠራል፣ ይናዘዛል፣ ያለበትን ዕዳ ይናገራል። ሳያውቁ እንዴት ይናዘዙ? አንዲት የማክማቸው እናት ነበሩ። ልጆቻቸው ለወራት ደብቀዋቸዋል። አንድ ቀን ከአልጋው ሥር ሻንጣ አስወጡኝ። በፌስታል ተጠቅልሎ ከኢየሩሳሌም ያመጡት መግነዝ አለ። «ልጆቼ እንዳያዩብኝ፣ ይደነግጣሉ» አሉኝ።

ስለዚህ ሐኪሙ እናትዎን ራሳቸውን ይጠይቃቸው፦ «ስለ ሕመምዎ ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጆችዎ ይነገር?» «ለልጆቼ ንገሩልኝ» ካሉም መብታቸው ነው። የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ይምጣ እንጂ እርስዎ አያስተርጉሙ፤ ልጅ ሲያስተረጉም «ካንሰር» መንገድ ላይ «ቁስለት» ይሆናል።

ልቡናቸው ደህና ሳለ፣ እሳቸው መናገር ሲያቅታቸው ማን እንደሚወስንላቸው ሁለት ምስክር ፊት ይፈርሙ። ፎርሙን ሶሻል ወርከሯ ትሰጣችኋለች። ወንድምዎም እዚያው ቢኖሩ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። መብላት ሲያቆሙ በጉርሻ አታስጨንቋቸው። ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ ማራስ ይበቃል።