ጥያቄና መልስ፦ መንጃ ፈቃድ የያዙ ተማሪዎች ስለ መንዳት የሚያምኗቸው ነገሮች

በሙያው የቆዩ የአሽከርካሪዎች አሰልጣኝ የተማሪዎችን ጥያቄ ይመልሳሉ።

ከስድስት ኪሎ፦ ጋሼ፣ የቸርችልን ቁልቁለት ስወርድ ነዳጅ እንዲቆጥብልኝ ማርሹን ዜሮ ላይ አደርጋለሁ። ልክ ነኝ?

አሰልጣኝ፦ አይደለህም። ነዳጁ በኤሌክትሮኒክስ በሚመጠን ሞተር፣ ማርሽ ሳታወጣ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ብታነሳ ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ ይቋረጣል፤ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። የባሰው ጉዳት ያለው ፍሬኑ ላይ ነው። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር መኪናውን ሞተሩ ካልያዘው፣ ሸክሙ በሙሉ በፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል፤ ሸራው ሲግል በመጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ቀጥሎ ፔዳሉን አጥብቀህ ብትረግጠውም እንደ ቀድሞው አይይዝልህም። በማርሽ ውረድ።

ከፒያሳ፦ ጓደኞቼ ጎበዝ ነጂ ነህ ይሉኛል። ጎበዝ ሰው ትንሽ ቢፈጥን ምን አለበት?

አሰልጣኝ፦ ኦላ ስቨንሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት፣ ከተጠየቁት አሜሪካውያን ተማሪዎች 93 በመቶ የሚሆኑት በመንዳት ችሎታ ራሳቸውን ከተሻለው ግማሽ ውስጥ አስገብተው ነበር፤ ይህ በስሌት ሊሆን አይችልም። ጓደኞችህም መኪና ውስጥ ተቀምጠው የሚያዩት መሪ አያያዝህን እንጂ መኪናው የሚቆምበትን ርቀት አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ትጓዛለህ፣ ያውም እግርህ ፍሬን ላይ ሳያርፍ። ፍጥነትህ ከ30 ወደ 60 ሲያድግ ደግሞ ፍሬን ይዘህ ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ከዚያም ይረዝማል፤ ስለዚህ በማርሽ ውረዱ።

ከቸርችል ጎዳና፦ ቁልቁለቱ አጭር ከሆነስ ዜሮ ማድረግ ይቻላል?

አሰልጣኝ፦ አጭር ማለት ከየት እስከ የት ነው? መልሱን ከላይ አንብብ።

ከአራት ኪሎ፦ ሰው ያለ ቀኑ አይሞትም፤ ቀበቶ ምን ይጨምራል? መኪናችንም ጸበል ተረጭቷል።

ከሜክሲኮ፦ የእኛም ተረጭቷል፤ ቄሱ ግን ቀበቶ አትሰሩ አላሉንም።

ከአራት ኪሎ፦ በእምነት አትቀልጂ።

ከሜክሲኮ፦ የቀለድኩት በእምነት አይደለም። መንገድ ስትሻገር ግራና ቀኝ የምታየው ቀንህን ለማራዘም ነው?

አሰልጣኝ፦ ክርክሩን እዚህ ላይ አቁሙ። ቀበቶ የመሞትን አደጋ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። እሰሩ።

ከስታዲየም፦ ለጀማሪ የትኛው መኪና ይሻላል?

አሰልጣኝ፦ ደላላ ጠይቅ።

ከካዛንቺስ፦ ሌሊት መንገዱ ባዶ ሲሆን ቀይ መብራት ላይ መቆም ትርጉም አለው?

አሰልጣኝ፦ አለው። ከጎን የሚመጣውም መንገዱ ባዶ ነው ብሎ ሊሆን ይችላል።